ወንድ ወራሽ ያጣ ርስት፦ የክሌር ቤተሰብ ማኖሮች ክፍፍል ከ1314 እስከ 1327

ጁን 24 ቀን 1314 በስኮትላንድ፣ ባኖክበርን ላይ በተደረገው ውጊያ የግሎስተር ኧርል (ኧርል ከፍተኛ የመኳንንት ማዕረግ ነው) ጊልበርት ደ ክሌር ተገደለ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዕድሜው 23 ነበር፤ በሕይወት ያለ ልጅ አልነበረውም። በእንግሊዝ መኳንንት ዘንድ በሀብት የሚበልጠው የላንካስተሩ ኧርል ቶማስ ብቻ ነበር። የጊልበርት መሬት በዓመት ወደ 6,000 ፓውንድ ያስገባል። አንድ ፓውንድ 240 ፔኒ ነው፤ አንድ አናጢ ደግሞ በቀን 3 ፔኒ ገደማ ያገኝ ነበር። ስለዚህ አንዲት ፓውንድ የአንድ ባለሙያ የ80 ቀን ድካም ማለት ናት።

ይህ ርስት ለሦስት እህቶቹ ተከፈለ። ክፍፍሉ በመሐላ ምስክርነት ላይ ተመሥርቶ፣ በንጉሡ ጸሐፊዎች ተሰልቶ የጸደቀ ነው። ሆኖም አራት ዓመት ሳይሞላው ጦርነት አስነሣ፤ ከሦስቱ ባሎች አንዱን በዐመፀኝነት አስሞተ፣ ሌላውን አሳሰረ፣ ሦስተኛውንም ውሎ አድሮ ለስቅላት አበቃ። ገማቾቹ የመሬቱን ገቢ በጥንቃቄ ለክተዋል። ከመሬቱ ጋር የሚሄደውን ሥልጣን የሚጽፉበት ቦታ ግን መዝገባቸው ውስጥ አልነበረም። ከዚህ በታች የምንዘረዝረው ችግር ሁሉ ከዚህ ይመነጫል ብለን እናምናለን።

ርስቱ እንዴት ተጠራቀመ

የቤተሰቡ አባት የኖርማንዲው ብሪዮን ካውንት ጊልበርት ነው። እሱ በ1040 ገደማ ሲገደል ልጆቹ ወደ ፍላንደርስ ተሰደዱ። ከእነሱ አንዱ ሪቻርድ፣ ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ድል ካደረጉ በኋላ፣ በዚያ ሁለት ዋና ይዞታዎች አገኘ፤ አንዱ በኬንት የሚገኘው ቶንብሪጅ፣ ሌላው ቤተሰቡ ስሙን የወረሰበት የሳፎኩ ክሌር ነው። በ1086ቱ የዱምስደይ መዝገብ፣ ማለትም በአገሪቱ የመሬት ቆጠራ፣ ክሌር ገበያ፣ 43 የከተማ ነዋሪዎችና የወይን ተክል ያላት ማኖር (ጌታ ከነጭሰኞቹ የሚይዘው ርስት) ሆና ተጽፋለች።

አንድ ነገር ከመነሻው መያዝ ያስፈልጋል። ድል አድራጊው ዊልያም መሬት ሲያድል፣ ብዙውን ጊዜ የአንድን እንግሊዛዊ ባለርስት ይዞታ እንዳለ ለአንድ ኖርማን ያስተላልፍ ነበር። ሪቻርድ በሳፎክ የተተካው ዊትጋር በሚባል ባለርስት እግር ነው። ዊትጋር መሬቱ በየመንደሩ ተበታትኖ ስለነበር የሪቻርድም እንደዚያው ሆነ። በአንድ አውራጃ ውስጥ በብዙ አሥሮች የሚቆጠሩ ማኖሮች፣ በመካከላቸው ግን የሌላ ሰው መሬት። የእንግሊዙ ክፍል እስከ መጨረሻው ይህን መልክ ይዞ ቆየ።

የዌልሱ ክፍል የመጣው በጋብቻ ነው። በ1217 የግሎስተር ኧርልነትና የግላሞርጋን ግዛት በእናት በኩል ለክሌሮች ደረሰ። በ1245 ደግሞ የማርሻል ቤተሰብ አምስት ወንድማማቾች በየተራ ያለ ልጅ ሞተው ሲያልቁ ርስታቸው ለአምስት እህቶቻቸው ዘር ተከፈለ፤ ከዚያም አስክ፣ ካርሊየንና የአየርላንዱ ኪልኬኒ ወደ ክሌሮች ገቡ። ክሌሮች የከበሩት የሌላ ቤት ወንድ ዘር በመጥፋቱ ነው፤ በ1314 ተራው የእነሱ ሆነ።

በማኖር ውስጥ ምን አለ

ማኖርን በአማርኛ ጉልት ብሎ መተርጎም ያሳስታል። ባለጉልት የሚበላው ግብሩን ነው፤ የእንግሊዝ ማኖር ጌታ ግን ከግብሩ ሌላ የራሱ እርሻ አለው። ይህን የጌታውን እርሻ ሁዳድ ብንለው ይስማማል፤ የሚታረሰውና የሚታጨደው በከፊል በጭሰኞች የግዴታ ጉልበት ነውና። ከሁዳዱ ቀጥሎ የጭሰኞች መሬት፣ ነጻ ባለመሬቶች የሚከፍሉት ኪራይ፣ ሰው ሁሉ እህሉን እንዲያስፈጭበት የሚገደድበት ወፍጮ፣ የድርቆሽ ሜዳ፣ ጫካና የጌታው ችሎት አሉ። ችሎቱ ራሱ የገቢ ምንጭ ነው፤ ጭሰኛ ልጁን ሲድር፣ መሬት ሲወርስ ወይም ከብቱ የሰው እህል ሲገባ ይከፍላል። በቦታው ሥራውን የሚያዝ ምስለኔ አለ፤ ከሱ በታች ከገበሬዎቹ መካከል የሚመረጥ፣ እንደ ጭቃ ሹም ያለ ኃላፊ አለ። ከማኖሮቹ በላይ ደግሞ ለውትድርና አገልግሎት ለፈረሰኞች የተሰጠ ማደሪያ መሬት አለ፤ ፈረሰኛው ለጌታው ታማኝነቱን ምሎ የሚይዘው ነው።

የወራሾቹ ማንነት

በእንግሊዝ ሕግ ወንድ ልጅ ካለ ታላቁ ሁሉን ይወስዳል። ሴቶች ብቻ ከሆኑ እኩል ይካፈላሉ። ጊልበርት ከአንድ አባትና እናት የሚወለዱ ሦስት እህቶች ነበሩት፦ ኤሊኖር፣ ማርጋሬትና ኤልዛቤት። አባታቸው ቀዩ ጊልበርት ከመጀመሪያ ጋብቻው የወለዳት ኢዛቤልም ነበረች። እሷ የቀረችው በ1290 በተጻፈ ውል ምክንያት ነው። ቀዩ ጊልበርት የንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊን ልጅ ጆአንን ሲያገባ መሬቱን ሁሉ ለንጉሡ አስረክቦ፣ ለሁለቱ በጋራና ከሁለቱ አብራክ ለሚወጡ ወራሾች ተብሎ መልሶ ተቀበለው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ኢዛቤል ከርስቱ ውጭ ሆነች።

ውሉ ግልጽ ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን ኢዛቤልና ኤልዛቤት የአንድ ስም ሁለት መልኮች ነበሩ። በየአውራጃው የማሉት ምስክሮች ሦስተኛዋን እህት ሲጠሩ ከፊሉ ኤልዛቤት፣ ከፊሉ ኢዛቤል አሉ። ስለዚህ ማጣራት ያስፈልጋል ተባለ። ለንጉሡ ቤት መጓተት ጥቅም እንጂ ጉዳት አልነበረውም፤ ወራሽ እስኪለይ ድረስ የመሬቱ ገቢ የሚገባው ለግምጃ ቤቱ ነውና።

ግምቱ እንዴት ይሠራል

ከንጉሡ በቀጥታ መሬት የያዘ ሰው ሲሞት ከንጉሡ ጽሕፈት ቤት ትእዛዝ ይወጣል። የአውራጃው የመሬት ተመላሽ ሹም መሬቱን በንጉሡ እጅ ያደርጋል፤ ከዚያም የአካባቢውን ሰዎች፣ በተለምዶ 12፣ ሰብስቦ ያስምላል። የሚጠየቁት ሟቹ የት ምን ያዘ፣ ከማን ያዘው፣ በምን አገልግሎት፣ በዓመት ምን ያወጣል፣ ወራሹስ ማን ነው፣ ዕድሜውስ ስንት የሚል ነው።

ዋጋው የሚጻፈው በየዘርፉ ነው። የሁዳዱ እርሻ መሬት በኤከር ይቆጠርና በፔኒ ይገመታል፤ የድርቆሽ ሜዳ ብዙውን ጊዜ ከእርሻ መሬት በብዙ እጥፍ ይበልጣል፣ ከብቱን ክረምቱን የሚያሻግረው እሱ ነውና። የጭሰኛ ጉልበት በቀን ይተመናል፤ የአጨዳ ወቅት ቀን ከክረምት ቀን ይበልጣል። ወፍጮ፣ የርግብ ቤት፣ የዓሣ ኩሬ፣ የገበያ ቀረጥ፣ የችሎት መቀጮ ለየብቻ ይመዘገባሉ። የጌታው መኖሪያ ቤት ብዙ ጊዜ "ከጥገናው ወጪ በላይ ምንም አያወጣም" ተብሎ ዜሮ ይሆናል። ግንብም እንደዚሁ ነው።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ትልቅ ነው። በግላሞርጋን የሚገኘው የካርፊሊ ግንብ፣ ቀዩ ጊልበርት በ1268 ያስጀመረው፣ በሰፋፊ ሰው ሠራሽ ሐይቆች የተከበበ፣ በብሪታንያ ካሉት እጅግ ጠንካራ ምሽጎች አንዱ ነው። በዓመታዊ ገቢ ስሌት ግን ሸክም ነው፤ ጥበቃና ጥገና ይበላል እንጂ አያስገባም። ጎረቤቱን ማስፈራራት የሚችል ሰው የሚያገኘው ጥቅም በየትኛውም መስመር አይጻፍም።

የመበለቷ እርግዝና

የጊልበርት መበለት ሞድ የአልስተር ኧርል ልጅ ነበረች። በ1215ቱ ማግና ካርታ መሠረት መበለት የሚገባትን ድርሻ በ40 ቀን ውስጥ ማግኘት አለባት፤ ድርሻውም በሕይወቷ ዘመን የምትጠቀምበት ከባሏ መሬት ሲሶው ነው። ሞድ ግን ከዚህ የሚበልጥ ነገር ይዛ መጣች፤ ነፍሰ ጡር ነኝ አለች። ወንድ ቢወለድ እህቶቹ ምንም አያገኙም። ሴትም ብትወለድ ሁሉን ትወርሳለች።

የኤሊኖር ባል ሂዩ ዴስፔንሰር ታናሹ ከሦስቱ ባሎች መካከል ቀድሞ የነቃ ነበር። በሜይ 1315 የቶንብሪጅን ግንብ በኃይል ያዘ፤ ብዙም ሳይቆይ ለመልቀቅ ተገደደ። ከዚያ ወደ ሙግት ዞረ። ሰው በተፈጥሮ ሕግ የሚወለድበት ጊዜ አልፏል፤ ስለዚህ ክፍፍሉ ይፈጸምልን ብሎ ጠየቀ። የንጉሡ ዳኞች የሰጡት መልስ እስከ ዛሬ ያስገርማል። በአካባቢው ያሉ ሰዎች እርግዝናውን መስክረዋል፤ ልደቱ ቢዘገይም የኧርሉን መበለት መብት አያሳጣም፤ ተጠራጣሪ ከሆንህ መበለቷ በአዋቂ ሴቶች እንድትመረመር የሚያስችለውን ትእዛዝ በጊዜው ማውጣት ነበረብህ፣ ያላወጣኸው በራስህ ቸልተኝነት ነው አሉት። የሥነ ሥርዓት መልስ ነው፤ በሥነ ሥርዓትነቱም እንከን የለውም። ነገር ግን ጊልበርት ከሞተ ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በላይ አልፎ እንኳ ያልተወለደ ሕፃን ወራሽ ሆኖ ሲጠበቅ ማየት፣ ፍርዱ ለማን እንደሚመች ጥርጣሬ አያስቀርም።

የመጓተቱ ዋጋ

ሦስቱ ዓመታት በወረቀት ላይ ብቻ አላለፉም። ከ1315 እስከ 1317 በሰሜን አውሮፓ ዝናቡ አላባራ ብሎ ሰብል ተበላሸ፤ ታላቁ ረሃብ የሚባለው ነው። በዚያ ላይ ግላሞርጋንን የሚያስተዳድሩት ንጉሡ የሾማቸው ጠባቂዎች ነበሩ። ለጊዜው የተሾመ ጠባቂ ከመሬቱ የሚፈልገው የዚህን ዓመት ገቢ ነው፤ ነገ የሱ አይደለም። የአካባቢው ዌልሳዊ መኳንንት ግን ከክሌሮች ጋር ለብዙ ዘመን የተለማመዱት አሠራር ነበራቸው። ከእነሱ አንዱ ሉዌሊን ብሬን ከጠባቂው ጋር ተጣልቶ፣ በንጉሡም ዘንድ ሰሚ አጥቶ፣ በጃንዋሪ 1316 ዐመፀ። ካርፊሊን ከበበ፤ ከግንቡ ውጭ ያለውን አቃጠለ። በማርች ሕዝቡን ላለማስፈጀት ራሱን አሳልፎ ሰጠ። ሂዩ ግላሞርጋንን ከተረከበ በኋላ፣ በ1318፣ ያለ ሕጋዊ ፍርድ በካርዲፍ አስገደለው። ይህ ግድያ በኋላ በሂዩ ላይ ከቀረቡት ክሶች አንዱ ሆነ።

በዚያው ጊዜ ባል የሌላቸው ሁለቱ እህቶች የሰው ሁሉ ዓይን አረፈባቸው። የማርጋሬት ባል ፒርስ ጋቨስተን በ1312 ተገድሏል፤ የኤልዛቤት ባል ጆን ደ በርግ፣ የሞድ ወንድም፣ በ1313 ሞቷል። በፌብሩዋሪ 1316 ቴዎባልድ ቨርደን የሚባል ባለርስት ኤልዛቤትን ከብሪስቶል ግንብ ወስዶ አገባት፤ ስድስት ወር ሳይሞላው ሞተ። በ1317 ንጉሥ ኤድዋርድ ዳግማዊ ማርጋሬትን ለሂዩ ኦድሊ፣ ኤልዛቤትን ለሮጀር ዳሞሪ ዳረ። ሁለቱም የቤተ መንግሥቱ ወዳጆች ነበሩ፤ ሁለቱም መካከለኛ ፈረሰኞች ሆነው ሳሉ በአንድ ጋብቻ የሀገሪቱ ታላላቅ ባለመሬቶች ሆኑ። አሁን ንጉሡም ክፍፍሉ እንዲያልቅ ፈለገ፤ የእርግዝናው ነገር ተረስቶ ቀረ።

የኖቬምበር 1317 ክፍፍል

ከመበለቷ ድርሻ የተረፈው ለሦስት ተቆረጠ። ሂዩና ኤሊኖር በዓመት 1,400 ፓውንድ ገደማ፣ ኦድሊና ማርጋሬት 1,290 ገደማ፣ ዳሞሪና ኤልዛቤትም ከዚያው ብዙ የማይርቅ አገኙ። ሞድ በ1320 ስትሞት ድርሻዋ ተመልሶ ለሦስት ተከፈለ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው ፍትሐዊ ነው ይላል።

ቁጥሩ የሚለካው ግን የተለያዩ ነገሮችን ነው። የሂዩ ድርሻ ዋና አካል ግላሞርጋን ነው፤ አንድ ወጥ ግዛት፣ ግንቦቹ በእጁ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የዌልስ ድንበር ሕግ የሚሠራበት። በድንበሩ ግዛቶች የንጉሡ የፍርድ ትእዛዝ አይገባም፤ ጌታው ራሱ ይዳኛል፣ ወንጀለኛ ይቀጣል፣ ጦር ያስከትታል። ሌሎቹ ከደረሳቸው ብዙው በእንግሊዝ ተበታትኖ ያለ ማኖር ነው። በዚያ ጌታው ጭሰኛውን ቢያዝም ከላይ የንጉሡ ዳኛ አለ። በሳፎክ 100 ፓውንድ ኪራይ ነው፤ በግላሞርጋን 100 ፓውንድ ኪራይና ሠራዊት ነው።

ሁለተኛው ስህተት የመሬት አቀማመጥን ችላ ማለት ነው። ከግላሞርጋን በስተምሥራቅ፣ በረምኒና በአስክ ወንዞች መካከል የኒውፖርት ግዛት አለ። ክሌሮች ከግላሞርጋን ጋር አጣምረው ይገዙት ነበር። ገማቾቹ ድርሻ ለማስተካከል ብለው ቆርጠው ለኦድሊ ሰጡት፤ ከዚያ በስተምሥራቅ ያለው አስክ ደግሞ በኤልዛቤት ድርሻ ገባ። በአንድ አስተዳደር የኖረ አገር ለሦስት ጌቶች ተቆራረጠ፤ ከሦስቱም ጉልበተኛው ጫፉ ላይ ተቀመጠ።

ምን ተከተለ

ሂዩ አልዘገየም። ክፍፍሉ እንደተፈጸመ የኒውፖርትን ባለመሬቶች ለራሱ ታማኝነት አስማለ። ዘዴው ብልህ ነው፤ ፈረሰኛው አንዴ ለአንተ ከማለ ሰነዱ የሌላ ሰው ቢሆንም አገሩ በእጅህ ነው። ንጉሡ እንዲመልስ አዘዘ፤ ሂዩ አልመለሰም። በ1318 መጨረሻ ኦድሊ ተስፋ ቆርጦ በእንግሊዝ በሚገኙ፣ ዋጋቸው ባነሰ ማኖሮች ለወጠው። ለውጡ በጽሑፍ የፈቃድ ስምምነት ነው።

ቀጥሎ ከግላሞርጋን በስተምዕራብ ያለው ጋወር መጣ። ባለቤቱ ዊልያም ደ ብሪዮስ ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ ግዛቱን ለብዙ ፈላጊዎች እያሳየ ያደራድር ነበር። አማቹ ጆን ሞውብሬይ በ1320 ገብቶ ያዘው። ሂዩ ንጉሡን፣ "ያለ ፈቃድህ ስለተላለፈ ወደ አንተ መመለስ አለበት" ብሎ አሳመነው። ይህ በእንግሊዝ ውስጥ ትክክል ነው፤ በድንበሩ ግዛቶች ግን እንዲህ ያለ ፈቃድ አይጠየቅም ነበር። የድንበሩ ጌቶች ሁሉ የተቆጡት ለጋወር አዝነው ሳይሆን፣ ይህ ሕግ ካለፈ የእያንዳንዳቸው ይዞታ አደጋ ላይ ስለሚወድቅ ነው። በሜይ 1321 ኒውፖርትን፣ ካርዲፍንና ካርፊሊን ያዙ፤ የዴስፔንሰሮችን ማኖሮች ዘረፉ። ኦድሊና ዳሞሪ ከእነሱ ጋር ነበሩ። በኦገስት ሂዩና አባቱ ተሰደዱ።

ስደቱ ብዙ አልቆየም። ንጉሡ በዚያው ክረምት ጦር አስከተተ። ዳሞሪ በማርች 1322 ቆስሎ በተተበሪ ሞተ፤ ማርች 16 በቦሮብሪጅ ዐመፀኞቹ ተሸነፉ፤ ኦድሊ ተማረከ። በሚስቱ ልመና ነፍሱ ተረፈ፤ ማርጋሬት ራሷ ግን ወደ ሰምፕሪንግሃም ገዳም ተላከች።

ኤልዛቤት በባርኪንግ ገዳም ተይዛ ሳለች አስክን ለሂዩ ሰጥታ ጋወርን እንድትቀበል ተገደደች። የልውውጡ ወጥመድ በኋላ ተገለጠ። ሂዩ ዊልያም ደ ብሪዮስን አነሣሥቶ ስለ ጋወር እንዲከስሳት አደረገ፤ ብሪዮስ በ1324 ረታት፤ ጋወርም በእሱ በኩል ወደ ሂዩ ሄደ። ኤልዛቤት አስክንም ጋወርንም አጣች። በመሃሉ፣ በ1322 ገና ሰሞን ወደ ዮርክ ተጠርታ ከአማካሪዎቿ ተለይታ ተጠብቃለች፤ ያለ ንጉሡ ፈቃድ እንዳታገባና መሬት እንዳታስተላልፍ የሚል ሰነድ እስክታትም ድረስ አልተለቀቀችም። ይህን ሁሉ በሜይ 1326 በምስጢር ባስጻፈችው ተቃውሞ መዝግባዋለች። የተፈጸመባትን በቅደም ተከተል አስፍራ፣ የፈረመችው በግዴታ መሆኑን ለወደፊት ሙግት ማስረጃ አድርጋ አስቀመጠችው። በዚህ ጉዳይ ካለፉት ሰዎች ሁሉ የሰነድን ኃይል እንደሷ የተረዳ አላገኘንም፤ ሂዩ በሥልጣን ላይ እያለ ይህን ማስጻፍ ለሕይወትም የሚያሰጋ ነበርና።

በዚያው ዓመት መገባደጃ የንጉሡ ሚስት ንግሥት ኢዛቤላ ከባሕር ማዶ፣ ከሄኖ (በዛሬዋ ቤልጂየም አካባቢ) ያገኘችውን ጦር ይዛ መጣች። ሂዩ በዌልስ ተይዞ ኖቬምበር 24 ቀን 1326 በሄርፎርድ ተሰቀለ። በ1327 አስክ ለኤልዛቤት ተመለሰ፤ ኦድሊም ድርሻውን አገኘ።

ኤልዛቤት ዳግመኛ ሳታገባ ርስቷን ራሷ ለ33 ዓመት አስተዳደረች። የቤቷ የሒሳብ መዝገቦች ብዙዎቹ እስከ ዛሬ አሉ። በካምብሪጅ ተቸግሮ የነበረውን አንድ ኮሌጅ በ1338 በአዲስ መሠረት አቆመችው፤ ክሌር የሚለውን ስም እስካሁን ይዟል። በ1360 ስትሞት ወንድ ልጇ ቀድሟት በመሞቱ፣ የሱም ልጅ ሴት በመሆኗ፣ ክሌር እንደገና በሴት ተወረሰች። ወራሿ የልጅ ልጇ ኤልዛቤት ደ በርግ ነበረች። ባሏ የንጉሥ ኤድዋርድ ሣልሳዊ ልጅ ላይኔል በ1362 መስፍን ሲባል ማዕረጉ ከዚችው የሳፎክ ማኖር ስም ወጣለት፤ የክላረንስ መስፍን ተባለ። ከነሱም በሴት ልጃቸው በኩል ለሞርቲመሮች፣ ከሞርቲመሮች በሴት ልጅ በኩል ለዮርክ ቤት አለፈች። የዮርኩ ኤድዋርድ በ1461 ሲነግሥ፣ ሪቻርድ ከዊትጋር እጅ የተቀበላት ማኖር የዘውዱ ንብረት ሆነች።